አሮጌው ቡና ቤት ዛሬ ሳይፈርስ ዋለ

ዛሬ ጠዋት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለው አሮጌው ቡና ቤታችን በር ላይ ዶዘር ቆሞ አገኘን።

ድሮ ቢራ ይሸጥበት ነበር። መጠጥ ከተከለከለ ወዲህ ሻይና ፉል ብቻ ነው፤ «ቡና ቤት» የሚለውን ስሙን ለአዲስ ሰው ማስረዳት ራሱ ያደክማል።

ሰሊጥ ለማጨድ ከመተማ የሚመጣ ሁሉ ዘመዱን የሚያፈላልገው እዚያ ነው። እንዳይፈርስ ፊርማ ይዘን አራት ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ሄደናል። መልሱ ሁሌም «ቡክራ»፣ ነገ ኑ ነው።

ዛሬ ከቡና ቤቱ የማይጠፉት ጋሼ አስማረ ዶዘሩ ፊት ቁጭ አሉ።

«ያ ሐጅ፣ ተነስ!» አላቸው ሹፌሩ፤ ሽማግሌ ማለቱ ነው።

«ጦርነት ሲለያየን ልጄን እዚህ እንገናኝ ብዬዋለሁ። ካፈረስከው የት ይፈልገኝ?»

ሹፌሩ ዶዘሩን አዙሮ ሄደ።

ማንም አላጨበጨበም። ነገ ሌላ ሹፌር እንደሚልኩ እናውቃለን።

እዚያ ቤት የጠፋ ሰው ያገኛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እዚህ ሥር ጻፉልን፤ ለቢሮው ሰዎች እናነብላቸዋለን።