እናቲቱ አቆስጣ እንድትተኛ

ታከር፣ አትላንታ አጠገብ፣ ማለዳ

ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጣን። ልጄ ሐያት ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የአቆስጣን ጠባይ ነው፤ ፈረንጆቹ «ሲል» የሚሉትን የባሕር እንስሳ። ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበው ዓይነት ሃዋይ ውስጥ አለ። የሥራ ጓደኛዋ ስለታመመች እኔን ይዛ ሄደች። ሹፌር ነኝና አትላንታ ኤርፖርትን በር በበሩ አውቀዋለሁ፤ ተሳፋሪ ሆኜ መግባቱ ግን ብርቅ ሆነብኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ጀስት ታያለህ፣ አባ። አቆስጣዋ ስትነቃ፣ ቀና ስትል ትነግረኛለህ።»

ደሴቲቱ

መንገድ ዳር የሚሸጠው ሥጋ ሐላልነቱ ስላጠራጠረኝ ሩዝና ዓሣ ገዝተን ወደ ባሕሩ ወረድን። እናቲቱ እንደ ግንድ አሸዋው ላይ ተጋድማለች፤ ጥቁር ግልገሏ ጡቷን ይፈልጋል። እስኪጠነክር ድረስ እህል ውሃ ሳትል፣ ከገዛ ስቧ እንደምታጠባው ሐያት ነገረችኝ። እንቅልፍ ካጣች ግን ያለጊዜው ጥላው ትሄዳለች።

ሰው እንዳይጠጋት ዙሪያዋን ገመድ ተወጥሮ ብርቱካንማ ሪባን ተንጠልጥሎበታል። ሆኖም ደጋግማ ትነቃለች፤ ግልገሉን ከጡቷ አላቃ ወደ ውሃው ትንፏቀቃለች። በአቅራቢያዋ ግን ሰው የለም። ግራ ገባን።

በማግስቱ ሐያት የጻፈችውን ደጋግማ አየችና፣ «ነፋስ ሲመጣ ብቻ ነው የምትነቃው። ሪባኑ እየተውለበለበ ነው የሚያነቃት፣ አባ» አለችኝ።

የአቆስጣዎቹ ጠባቂዎች ኃላፊ ሌይላኒ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ሪባኑ እንዲነሳ ብንጠይቃቸው፣ ከተነሳ ጎብኚ ገመዱን አያይም ብለው አልተስማሙም። እውነት አላቸው።

«በሪባኑ ፈንታ እኔ ልቁም» አልኳቸው።

ተስማሙ፤ ሪባኑ ተነሳ። ፀሐዩ አናቴን እየጠበሰኝ ቆምኩ፤ ስልክ ደግነው የመጡ ሙሽሮችን በምልክት መለስኩ። ነፋሱ መጣ። እናቲቱ ንቅንቅ አላለችም። ግልገሉ ጠብቶ ጠብቶ ጡቷ ላይ እንዳለ አሸለበ።

ሐያት ግን አንድ ጊዜ በቂ አይደለም ብላ ሪባኑን መልሳ ሰቀለች። አላስቻለኝም፤ ተቆጣሁ። ነፋሱ ሲመጣ እናቲቱ ነቃች። ይህን ጊዜ ሌይላኒ ራሳቸው ሄደው ሪባኑን ፈቱና ተራ አስይዘው ሰው አቆሙ። ነገር እስኪረጋገጥ መታገሥ ምን እንደሆነ ያን ቀን ከልጄ ተማርኩ።

ቤት

ታከር ስንደርስ ባለቤቴ ዘይነባ የተቃጠለ ፊቴን አይታ ሳቀች።

«ይህን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ የተኛ እንስሳ አይታችሁ መጣችሁ?»

«እንድትተኛ ነው የሄድነው» አልኳት።

ኋላ ሌይላኒ ፎቶ ላኩልን። እናቲቱ በጊዜዋ ወደ ባሕር ተመልሳለች። ግልገሉ እንደ በርሜል ወፍሮ፣ ብቻውን ማዕበሉን ያያል።