የዛፉ ግራ እጅጌ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያየውን ሁሉ ኮት አድርጎ ነው የሚያየው። ኮረብታ ሲያይ "ትከሻው ወርዷል" ይላል። የጎረቤታችንን አጥር እንኳ አላለፈም፤ "ስፌቱ ተዛብቷል" በማለቱ ባለቤቱ ተቀይመውታል። እሑድ እሑድ ደግሞ እናቴን፣ ወንድሜንና እኔን አስከትሎ ወፍ ለማየት መናፈሻ ይወርዳል።

እዚያ ጣት መቀሰር ክልክል ነው፤ ወፏ ትበራለች። ስለዚህ አባቴ ዛፉን እንደ ኮት ቆጥሮ ቦታውን የሚነግረን በልብስ ነው፦ አንገትጌው ላይ፣ ብብቱ ሥር፣ ግራ እጅጌው ጫፍ ላይ። እኔና ወንድሜ በዚህ ስላደግን ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ዓይናችን ይደርሳል። እናቴ አግዳሚው ላይ ሹራቧን እየሠራች "አየኋት፣ ታምራለች" ትላለች። አባቴ ከሁሉም የሚወደው ጅራተ ረጅሟን ወፍ ነው። ስሟን "ሙሽሪት" ብሏታል፤ ካያት ሳምንቱን ሙሉ ወሬው እሷ ናት።

ነገር የተበላሸው እጮኛዬን ይዤ የሄድኩ ቀን ነው። እሱ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አባቴ "ግራ እጅጌው ላይ" ሲል እኛ ወደ አንድ በኩል ስንዞር እሱ ወደ ሌላ በኩል ዞረ። "ቀኝ" ሲባልም እንዲሁ ተቃራኒውን። በሚቀጥለው እሑድ ያው ሆነ። እሱ በሚያይበት በኩል አበባ የምታጠጣ አንዲት ቆንጆ ልጅ ነበረች። ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። ልጠይቀው አስቤ፣ ቀናተኛ እንዳልባል ዋጥኩት።

ማታ አባቴ "የዚህ ሰው ልብ ሌላ ቦታ ነው" አለኝ። "የሠርጉን ኮት እሰፋለሁ ብዬ ነበር። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፤ እስኪገባኝ ድረስ አልቆርጥም።"

እኔስ መች ገባኝና?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እጮኛዬ የተባለውን ሳያውቅ ደስ ብሎት ሊለካ ወደ አባቴ ሱቅ መጣ። እናቴ ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ እኔ ክር አቀብላታለሁ። አባቴ ይሉኝታ ይዞት ሜትሩን አነሳ።

"ግራ እጅህን አንሳ" አለው።

አነሳ።

አባቴ ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። "ግራህን ታውቃለህ ማለት ነው። ታዲያ መናፈሻ ስንሄድ ምን ይነካሃል?"

"እኔም ግራ ገብቶኛል ጋሼ። እርስዎ ግራ ሲሉ በግራዬ በኩል አያለሁ፤ ቅጠል ብቻ ነው።"

"በግራህ? ኮቱን የለበስከው አንተ ነህ ወይስ ዛፉ? ግራ ማለት የለባሹ ግራ ነው። ፊት ለፊቱ ከቆምክ በቀኝህ በኩል ይሆናል።"

"ዛፉ ፊቱን ወደኛ ማዞሩን በምን አውቃለሁ?"

አባቴ ሜትሩን ጠቅልሎ መልሶ ፈታው። እኔ ከእፎይታዬ ብዛት ልስቅም ላለቅስም ከጀለኝ።

"እኔስ በምን አውቃለሁ?" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከቁልፉ ሳትነቅል።

"አንቺማ ሁልጊዜ አየሁ ትያለሽ።"

"ካላየሁ እንደገና ልታሳየኝ ትደክማለህ። ካየሁ ደግሞ ደስ ይልሃል።"

"ሙሽሪትንስ?"

"እሷንም አይቻት አላውቅም።"

አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንዴ እናቴን፣ አንዴ መስተዋቱን ያያል። ስንት እሑድ ነው ሙሽሪትን ያለ እሷ ያየው? ያዘንኩለት ያኔ ነው። ቆይቶ ተነሳና የእጮኛዬን የሠርግ ኮት ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ ያሰምር ጀመር።

እሑድ መናፈሻ ስንደርስ እናቴን ከአግዳሚው አስነሳት። ሹራቧን ተቀብሎ ለእጮኛዬ አስያዘው። ዛፉ ፊት አቁሟት ከኋላዋ ሆኖ፣ ኮት ሊያስተካክልለት እንደሚያቆመው ደንበኛ ጉንጮቿን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ አዞራት። ግራም ቀኝም አላለም።

እናቴ በእጆቹ መሃል ሆና ወደ ቅርንጫፉ አንጋጠጠች።

"ይህን ሁሉ ጅራት ይዛ ነው እንዴ የምትበረው?" አለች በመጨረሻ።

አባቴ ወፏ በርራ ከሄደች በኋላም እጁን ከጉንጮቿ አላነሳም።