ያልጾምኩት ጾም

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዲላ ውስጥ ጎረቤቴ ወይዘሮ ሙና ቤት ተቀምጬ ነበር። ልጃቸው በሰላም ተገላግላ ስለነበር የሰፈሩ ሴቶች ገንፎ እንድንቀምስ ተጠርተናል። አብራኝ ምሕረት ነበረች። ምሕረት ከይርጋ ጨፌ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ በደላላ አማካይነት ከግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሥርዓተኛ ልጅ ናት።

ወይዘሮ ሙና መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበትን ገንፎ ሲያቀርቡላት፣ ምሕረት ግራ እጇን ሳህኑ ላይ ከደን፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ ለጠፍ፣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገችና፣ «ጾም ላይ ነኝ፤ ተባረኩልኝ» አለች።

«የማን ጾም?» አሉ ወይዘሮ ሙና ማንኪያውን እንደ ያዙ። «የነቢያት ጾም ገና አልገባ፤ ረመዳን የት አገር! እናንተ ጴንጤዎች ጾማችሁ የሚይዛችሁ ሰው ቤት ስትገቡ ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ምሕረትም ሳቀች፤ እጇን ግን ከሳህኑ ላይ አላነሣችም። እኔ አልሳቅሁም። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ደጃፏ ላይ ቆማ ሙዝ ስትበላ አይቻታለሁ፤ ያላሳቀኝ ግን እርሱ አልነበረም። ያ የእጅ አከዳደን፣ ያ የአንገት አዘነባበል፣ ያ «ተባረኩልኝ» የሚል ለስላሳ መዝጊያ የእኔ ነበር። ሰው ድምፁን በቴፕ ሲሰማ እንደሚደነግጠው ደነገጥሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን ጾም እንዳለች ጠየቅኋት።

«ወይዘሮ ሙና ገንፎውን ሲያማስሉ ቢስሚላህ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንዲህ ሲያጋጥም ሰው ሳያስቀይሙ ማለፍን ያሳየችን እህት አስቴር ናት፤ ይርጋ ጨፌ ያስተማረችን። እርስዎ ግን ሲበሉ ገርሞኛል።»

«አስቴር ጅግሶ?»

«ያውቋታል እንዴ?»

«አስቴርስ ይህን ከማን አየች?»

«ዲላ ስትማር በእምነት ካሳደገቻት እህት። ስሟን ነግራን አታውቅም፤ ‹ያሳደገችኝ› ብቻ ነው የምትላት። እሷ ራሷ አባቷ ቤት እንኳ እንደዚህ ነው የምታደርገው። ሽማግሌው ቡና በተለቀመ ቁጥር ቆጮና ቅቤ ያዘጋጁላታል፤ እሷ ‹ጾም ላይ ነኝ› ትላለች። ዘንድሮማ በጣም ደክመዋል፤ ሰው ደግፎ ነው ደጅ የሚያስቀምጣቸው። አሁንም ግን ሲያቀርቡላት አብረናት ሄደን አይተናል።»

ምሕረት ደህና ይደሩ ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ዲላ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረታችን አንድ ልማድ ነበረው። ደቀ መዝሙር የሚሠራው በትምህርት ብቻ አይደለም፤ አብሮ በመኖር ነው ይባል ስለነበር፣ ከፍ ያልን ሴቶች እያንዳንዳችን አንዲት ታናሽ እህት እንድንይዝ ይደረግ ነበር። አብረን እንጸልያለን፣ መጽሐፍ ቅዱስም እናነባለን፤ ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነበር። ገበያ ስንወጣ፣ ልብስ ስናጥብ፣ ከቤት አከራይ ጋር ስንነጋገር፣ ስንናደድ ጭምር ታናሿ እህት ከጎናችን ሆና ታያለች። መሪያችን «እናንተ አትስበኩ፤ ኑሩና ትያችሁ» ይሉን ነበር። ያኔ ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። መምከር የሚችል ሁሉ መታየት እንደማይችል የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ምክር ሲሰጥ ተመርጦ ነው፣ የሚታይ ሰው ግን ምኑ እንደሚወሰድበት አይመርጥም።

ለእኔ የተሰጠችኝ አስቴር ነበረች። ይርጋ ጨፌ አጠገብ ካለችው ከኢዲዶ መጥታ ዲላ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር፣ ዓይኗ ከሰው ላይ የማይነቀል ልጅ። እናቷ በልጅነቷ ስለ ሞተች ያሳደጓት አባቷ አቶ ጅግሶ ናቸው። ጥቂት ወራት እንደ ቆየን ነጠላዬን የማጥፍበትን መንገድ ያዘች። ቀጥሎ ከመናገሬ በፊት ትንሽ ዝም የማለት ልማዴን ወሰደች፤ እኔ ዝም የምለው ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነበር፣ እሷ ግን የጸሎት መንፈስ መሰላት። አንድ ቀን አከራያችን ሁለታችንን አይተው «እናንተ ልጆች ከአንድ ቅርጫት የወጣችሁ እንቁላል ሆናችሁ እኮ!» ሲሉን ደስ አለኝ። ደስታዬ ለእሷ ይሁን ለራሴ ያኔ አልመረመርኩትም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ የቡናው ሥራ ጋብ ሲል፣ አባቷን እንድጎበኝላት ለመነችኝ። አባቷ እምነቷን አልተቃወሙም፤ አልተከተሉትምም። እንደ አባቶቻቸው ወደ ሰማይ ቀና ብለው የሰማዩን አምላክ ማጌኖን የሚያመሰግኑ ሰው ነበሩ። አስቴር የእኔን አኗኗር አይተው ልባቸው ይከፈት ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋለች። እኔም ያንኑ ተስፋ ይዤ ተነሣሁ፤ ምናልባትም ከእሷ ይልቅ በራሴ ተማምኜ።

ጠዋት በሚኒባስ በወናጎ በኩል ይርጋ ጨፌ ደረስን። መናኸሪያው አጠገብ ትኩስ ፓስቲ በሻይ በላን፤ አስቴር ሁለተኛውን ለሁለት ከፍላ ሰፋ ያለውን ሰጠችኝ። ከዚያ በእግር ወደ ኢዲዶ ወጣን። መንገዱ አቧራ ለብሷል። ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው በላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ሠርተዋል። በማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ የመጨረሻውን ቡና የሚለቅሙ ሴቶች አስቴርን በጌዴኦኛ እየጠሩ ይቀልዱባታል፤ ከማጠቢያው በኩል የተከመረ የቡና ገለፈት ሽታ ይመጣል፣ እንደ ጠላ አተላ ኮምጠጥ ያለ። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ያ ሽታና ዳገቱ አዲስ ሆነውብኝ በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ ወጣሁ።

አቶ ጅግሶ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም ናቸው፤ ከአስቴር ጋር ሲቆሙ ዓይናቸው አንድ መሆኑ ያስታውቃል። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም ነበር፤ «ግባ፣ ልጄ፣ ግባ፤ ቤትህ ነው» አሉኝ። የአስቴር አክስት ቆጮውን ጋግረው አቆይተው ነበር። በእንሰት ቅጠል ላይ ተቆርሶ፣ ቅቤ ተደርጎበት፣ ከጎመን ጋር ቀረበ። አቶ ጅግሶ ከመቀመጣቸው በፊት በበሩ በኩል ወደ ሰማይ አይተው በቋንቋቸው አመሰገኑ፤ ከቃላቸው መካከል የለየሁት «ማጌኖ» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ ከፊታቸው ቆርሰው በእጃቸው ወደ እኔ ዘረጉ።

ምን እንደ ሆንኩ እዚህ ላይ በትክክል መናገር አለብኝ፤ ትክክለኛውን ነገር ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅ። ስለ ማጌኖ አላሰብኩም። ስለ እምነትም፣ ስለ ሕሊናም አላሰብኩም። ያሰብኩት አንደኛ ዓመት እያለሁ ጓደኞቼ ፊት ቆጮ ጎርሼ መዋጥ አቅቶኝ ያፈርኩበትን ቀን ነበር። ያው የተብላላ ሊጥ ሽታ አሁንም ከቅጠሉ መጣብኝ። ምግባቸውን አልወድም ብዬ እንዳላስቀይማቸው፣ ግራ እጄን ቅጠሉ ላይ ከደን፣ ቀኜን ደረቴ ላይ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ «ጾም ላይ ነኝ፣ አባቴ፤ ይባረኩልኝ» አልኩ።

አክስቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። አቶ ጅግሶ ግን ፈገግ አሉ።

«ጾም ጥሩ ነው» አሉኝ። «ስትጨርስ ተመለስ። የእኛ ምግብ መሬት ውስጥ ይቆያል፤ እንደ እናንተ እንጀራ በሦስት ቀን አይሻግትም። እናስቀምጥልሃለን።»

ወደ አስቴር ዘወር አልኩ። እየበላች አልነበረም። የቆረሰችውን ቀስ አድርጋ ቅጠሉ ላይ መለሰችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አባቷ የሁለታችንንም እጅ አዩ። ለብቻቸው በሉ፤ እንግዳ ሳያፍር እንዲቀመጥ ጨዋታ እየፈጠሩ፣ ዝንጀሮ ቡና ሊሰርቅ መጥቶ እንዴት እንደ ተያዘ እየነገሩን፣ ለብቻቸው በሉ።

ስንመለስ አስቴር ከእኔ ቀድማ ትወርድ ነበር። ድንገት ቆማ ዞረች።

«ገባኝ፣ እህት ሰብለ።»

«ምኑ?»

«ጾም ላይ እንዳልሆንሽማ አውቃለሁ፤ ፓስቲውን አብረን አይደል የበላነው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ረጋ አለ። «ለማጌኖ የተመሰገነበትን አትበዪም። ግን ደግሞ አባቴን አላዋረድሽውም። እኔ እኮ እንዴት እምቢ እንደምለው ጨንቆኝ ነበር፤ ዛሬ አሳየሽኝ።»

ዓይኖቿ በርተው ነበር። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ግን በጣም ትንሽ ነበር። እሷ ከእኔ ያየችው ጥበብ ነው፤ እኔ ያለኝ የከተማ ልጅ ጉሮሮ ነው። ያ ትልቅ ነገር ከእጄ ሲወድቅ ማየት አልፈለግሁም። «ጌታ ይርዳሽ» ብቻ አልኳት፤ እሷም «አሜን» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ተነሥታ ምስክርነት ሰጠች። መሪያችን «አያችሁ፣ የሚታይ ሕይወት!» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ደፋሁ። እሱም እንደ ትሕትና ተቆጠረልኝ።

ከዚያ በኋላ ዲላ ላይ ተቀጥሬ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆንኩ፤ አስቴር ይርጋ ጨፌ አስተማሪ ሆነች። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በጉባኤ እንገናኛለን። ባገኘችኝ ቁጥር አባቷን ትዘይራቸው እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ ሳሙናና ስኳር ይዛ እንደምትሄድ ትነግረኛለች። ትበያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መልሱን እንዳልሰማ ጥያቄውን ተውኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ሠርግ ላይ፣ «አባቴ አሁንም ይጠይቅሻል፤ ያቺ ልጅ ጾሟን አልጨረሰችም ወይ ይለኛል» ብላ ስታጫውተኝ ሳቅሁ፤ ከዚያም ወጥ ሊጨምርልኝ የመጣውን አስተናጋጅ አመስግኜ ሳህኔን ዘረጋሁ።

ስለ ማጌኖ ምስጋና ከእኔ የበሰሉ አማኞች የተለያየ ነገር ይላሉ፤ እዚያ ክርክር ውስጥ ለመግባት አልጽፍም። አስቴር በራሷ ሕሊና መዝና እምቢ ብላ ቢሆን ኖሮ አከብርላት ነበር። የከበደኝ፣ ሳትመዝን የተቀበለችው የእኔን ሚዛን መሆኑና በሚዛኔ ላይ ደግሞ ምንም ያልነበረ መሆኑ ነው። አንድ አባት ከልጁ ጋር ሳይበላ ዕድሜው ሊያልቅ ነው። ያ ልማድ አሁን ከአስቴርም አልፎ ምሕረት እጅ ላይ ደርሷል፤ ከምሕረት ደግሞ ወደማላውቃቸው ልጆች ይሄዳል። የጸለይኳቸው ጸሎቶች፣ ያስጠናኋቸው ምዕራፎች የት እንደ ደረሱ አላውቅም። ይህች የእጅ ልማዴ ግን ሳትሸራረፍ ደርሳለች።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ወጣት ሴቶችን የማስተማር ተራዬ ስለ ነበር፣ ሌላ ሰው እንዲተካኝ አስታወቅሁ። ከዚያ ወደ አስቴር ደወልኩ።

«እህት ሰብለ! በእሑድ ጠዋት? ምነው በደህና?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ ኢዲዶ፣ አባትሽ ቤት ልሄድ ነው።»

«ክፉ ሰማሽ እንዴ? ትናንት ማታ እኮ ደህና ነበር!»

«አልሰማሁም። ልበላ ነው የምሄደው።»

 የእሷ ዶሮዎች በስልኩ ውስጥ ይሰሙኝ ነበር።

«አስቴር፣ ያን ቀን እምቢ ያልኩት በማጌኖ ምክንያት አልነበረም። ቆጮ መዋጥ ስለማልችል ነው። አፍሬ ነው ጾም ያልኩት። መንገድ ላይ ‹ገባኝ› ስትዪኝም አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ቆጮ?»

«ቆጮ።»

  መልሷ ያ የማውቀው ከመናገር በፊት የሚቀድም ዝምታ አልነበረበትም።

«እኔ እኮ የእሱን ቆጮ እወድ ነበር፣ ሰብለ» አለች።

«እህት» የሚለው ከስሜ ፊት አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «እሺ» አላለችም፣ «አይሆንም»ም አላለችም። ትንሽ ቆይታ፣ አክስቷ እንዲጋግሩ መልእክት መላክ እንዳለበት፣ አባቷ ከሰዓት በኋላ ስለሚደክማቸው ከቀትር በፊት መድረስ እንደሚሻል እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ ነገረችኝ። ምሕረትንም ይዤ እንድመጣ ጠየቀችኝ። ይርጋ ጨፌ መናኸሪያ ፓስቲው ቤት ፊት ለፊት ልንገናኝ፣ እስከ ኢዲዶም ሦስታችንም ምንም ሳንቀምስ ልንሄድ ወሰንን።