ውሃው ሲጎድል

አባቴ ስለ ውሃ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲጎድል ይሻላል። የፎገራ ሜዳ ሰዎች እንዲያ ነን። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳችን ላይ ይተኛል፣ ከብቱ ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ እኛም በር ዘግተን መስቀልን እንጠብቃለን። ውሃው ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ ጓያ እንዘራለን። ያኔ ሩዝ የሚባል ነገር አናውቅም።

እናቴ ስለት ነበረባት። ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ሊገድለኝ ሲል፣ ከተረፈችልኝ ጣና ውስጥ፣ ሴት በማይከለከልበት ደሴት ላለችው ማርያም ጃንጥላ በእጄ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ተረፍኩ። ጃንጥላውን ከወረታ ገበያ ገዛች። የቀረው ማድረሱ ነው። "ሳላደርስ እንዳልሞት" ትል ነበር።

መቼ እንሂድ ስትለው አባቴ ወራት ያማርጣል። መስከረም ውሃ ነው። ኅዳር አጨዳ ነው። ጥር ሰርግ ነው፤ ሰርግ ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? "ውሃው ይጉደል፣ መሬቱ ይጠንክር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላታል። እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ፣ ጉልበቷም ከዳት። ክፉ ሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ወጣን። መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ አባቴ ደስ ብሎታል። እናቴን በበቅሎ አድርገን ዳር ስንደርስ ሐይቁ የለም። ሸሽቷል። በእኛና በውሃው መካከል እስከ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ተዘርግቷል። በቅሎዋ አንዴ ረግጣው እምቢ አለች። አንድ ባለ ታንኳ ጭቃውን እየዳከረ መጣ፤ የእናቴን ጉልበት አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"እሜቴ፣ በዚህ ወራት ምን አመጣዎ? መስከረም ውሃው ሞልቶ ነፋሱ ሲያርፍ፣ ታንኳዬን ጓሮዎ ድረስ አምጥቼ እወስድዎ አልነበር?"

አባቴ መሬት መሬት አየ። እናቴ ቤታችንን በምልክት ነገረችውና "እንግዲያ ለመስከረም ና" አለችው። ተመለስን።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ ሞተች። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም። ለለቀስተኛው ውሃ ቀዳሁ፣ ዕቃ አጠብኩ። ደረቅ ናት ብለው አሙኝ፤ እውነታቸውን ነው።

መስከረም ባለ ታንኳው መሞቷን ሳይሰማ እንደ ቃሉ መጣ። እውነትም ጓሯችን ድረስ፣ የጎመኑ መደብ አጠገብ። አባቴ ታንኳውን ቆሞ አየው። "አንቺ ሂጂ" አለኝና ወደ ቤት ገባ።

ጃንጥላውን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ሳይበረታ ደሴቱ ደረስን፤ እግሬ ጭቃ እንኳ አልነካውም። ቄሱ ጃንጥላውን ተቀብለው የማን ስለት እንደሆነ ጠየቁኝ።

"የእናቴ።"

"እሳቸው ምነው ቀሩ?"

"ጉልበቷን ያማታል" አልኩ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

ቄሱ መስቀላቸውን አንስተው "ዕድሜ ከጤና ይስጥልን" አሉ።

"አሜን" አልኩ።