ሲሊንደሬ ደወል ሊሆን ሲል

ደብረ ታቦር ውስጥ ውሃ ሥር ቁጭ ብሎ መተንፈስ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሁለተኛ አለ የሚል ካለ ያምጣውና እንተያይ። ከተማችን ደጋ ናት፤ ብርድ እንጂ ባሕር አልተሰጣትም። እኔ ግን በጎረምሳነቴ ጅቡቲ ወርጄ ወደብ ላይ ሸክም ስሸከም፣ የመርከብ ሆድ በሥሩ እየተገባ እንደሚፋቅ አየሁ። የሚፍቁት ሰዎች አየር የታመቀበት ሲሊንደር አዝለው፣ የዳክዬ እግር የመሰለ ጫማ አጥልቀው ይሰምጣሉ። ሁለት ዓመት ዕቃቸውን እያቀበልኩ አየኋቸው። ያስተማረኝ የለም። አንድ ቀን አንደኛው ታሞ ሲቀር "እኔ እችላለሁ" አልኩ። አልችልም ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ አገሬ ስመለስ አንድ አሮጌ ሲሊንደር ከነመተንፈሻው ከነጫማው ይዤ ገባሁ። አሁን የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ ርብ ወንዝ ሲገባበት፣ ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው መልሕቁ ሥር ሲቀርበት፣ የሚደውለው ለእኔ ነው። አየሩን ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ በደንበኛ መሙያ ይሞላልኛል። ሰው ግን ሁሌ "ጎሚስታው ጋ አታስነፋውም?" ይለኛል። ጎማ ይመስላቸዋል።

ጣና ደግሞ እንደ ቀይ ባሕር አይደለም። እጅህን ዘርግተህ ጣትህን ካየህ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ሚስቴ ከተጋባን ጀምሮ ያልሰለቻት ጥያቄ አለች።

"እዚያ ታች ምን ታያለህ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ቆርጦህ ትገባለህ?"

የራሴን ትንፋሽ መስማቱ ነው ልበል? ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳወራ የኖርኩ ሰው ዝም የምለው እዚያ ብቻ ነው። አፌ ተይዟላ!

ጉልበቴን ምን እንዳገኘው ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ጉማሬ ነው" እላለሁ። ጣና ጉማሬ ስላለው ሰው ያምናል፤ አንዳንዱም ያማትባል። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ጎረምሶቹ ሲዘሉ አይቼ "ይሄ ደግሞ ዝላይ ነው?" ብዬ ኮቴን አውልቄ መሐል ገባሁ። ወደ ላይ ስወጣ በጣም ጥሩ ነበር። ስወርድ ነው ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ያለው። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት ተቀዷል ተባልኩ፤ ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ።

እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ቤት ተኝቼ ሳለሁ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሊጠይቀኝ መጣ። ብርቱካን ይዟል። ዓይኑ ግን ጥግ ላይ የቆመው ሲሊንደሬ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ያው የተሰቀለ ቸርኬ፣ ተሰንጥቆ ድምፁ እንደ ድስት ክዳን ሆኗል። ተነሥቶ ሲሊንደሩን በቁልፉ ኳ ኳ አደረገው።

"ወይ ድምፅ!" አለ። "ጋሼ፣ ከእንግዲህ መቼም አይሠሩበትም።"

አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ። "እስከ ክረምት ይታገሡን" አለችው። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች። "ክረምት ሳይገባ ውሃ ከገባህበት ያንተ ነው። ካልገባህበት ልጆቹ ይደውሉበት። እኔ ሁለተኛ ጊዜ የተሰበረ ሽማግሌ አላስታምምም።"

ክረምቱ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ዝናቡ ከጀመረ ርብና ጉማራ ወንዞች የደጋውን አፈር ሁሉ ጠራርገው ጣና ውስጥ ይደፉታል፤ እስኪጠራ መስከረምም ጥቅምትም ያልፋል። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜ ዓመት ሙሉ ከውሃ የቀረ ሰው፣ ተመልሶ የሚገባው በወሬ ብቻ ነው።

እንቅስቃሴ የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። "ጋሼ፣ ከስድስት ወር በፊት ውሃ የለም" አለችኝ። "ያኔም ቢሆን ከዱካ ላይ ምንም ሳይደገፉ ብድግ ሲሉ ካየሁ ብቻ።" ዱካ ማለት ያቺ አጭር መቀመጫ ናት፤ ጤነኛም ሰው ሲነሣባት ያቃስታል። ሠራሁ። ጠዋት ማታ እግሬን አነሣሁ፣ አወረድኩ፣ አጠፍኩ። ጥጋበኛ ብሆንም ሥራ አልፈራም። መጋቢት ላይ ግድግዳውን በአንድ ጣት ብቻ ነክቼ እነሣ ጀመር። ከተማውን ሁሉ "ከፋሲካ በኋላ ጣና ነኝ" ብዬ ሞላሁት።

ከዚያ ስቅለት መጣ።

የንስሐ አባቴ አስቀድመው ነግረውኛል። "ልጄ፣ አንተ ዘንድሮ ሕመምተኛ ነህ፤ አንገትህን ዝቅ አድርግ፣ ይበቃሃል።" እኔም እሺ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ "ኪርያላይሶን" እያለ ይወድቃል ይነሣል፤ እኔ አንገቴን እንደ ዶሮ ዝቅ ከፍ አደርጋለሁ። አጠገቤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ይሰግዳል። እኩያዬ ነው፤ አብረን ነው ጥርሳችን የወለቀው። በመሐል ቀና ብሎ ላቡን ጠረገና ሹክ አለኝ።

"አንተ ሰው፣ በአንገት ነው እንዴ? እርጅና ክፉ ነው፤ በርታ።"

በርታ! ነጠላዬን አጥብቄ ታጠቅኩና ወረድኩ። አርባ አንዱን አብሬው ጨረስኩ። ሌላ አርባ አንድ። በሦስተኛው ልብስ ሰፊው እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ግድግዳ ተደገፈ። እኔ እሱ እንዲያየኝ ሃያ ጨመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉልበቴ ዱባ አክሏል። ባጃጅ ውስጥ አልታጠፍ ብሎ፣ እግሬን በጎን በኩል ወደ ውጭ ዘርግቼ ሕዝብ እየተመለከተኝ ቤቴ ገባሁ።

የፋሲካ ዕለት የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ጉልበቴን አዩ፤ ሚስቴን አዩ፤ እሷም ሁሉን ነገር ነገረቻቸው።

"ማንን አሸነፍክ?" አሉኝ።

"ልብስ ሰፊውን፣ አባ።"

"እግዜር ይቅር ይበልህ። ስገድ የተባለው ለጌታ ነው፤ አንተ ለልብስ ሰፊው ሰገድክለት።"

ሚስቴ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። እኔ የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም። ባለሙያዋ ጋ ስሄድ ደግሞ ፈገግ እንኳ አላለችም፤ ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ በቀስታ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። "ከመጀመሪያው እንጀምራለን" አለች። "ቢያንስ አራት ሳምንት።"

እኔም መቁጠር ጀመርኩ። ግንቦት ልደታ አለፈች። ከሰዓት በኋላ በጋፋት በኩል ደመና መቋጠር ጀመረ፤ አንድ ቀን አፈሩን አሸተተው፣ በሌላው ቀን ቆርቆሮውን አንኳኳው። በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሩ ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ ብርቱካን የለም፤ ገመድ ይዟል። "ዝም ብዬ ልለካው ነው" አለ፤ ሲሊንደሩን በአንገቱ በኩል ለካው። ሰው ሳይሞት መቃብሩ ሲለካ እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። የዚያን ዕለት ለማንም ቀልድ አልነገርኩም። ሚስቴ ሁለት ጊዜ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት መስሏት።

ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ባለሙያዋ ዱካዋን አቅርባ "ይቀመጡ" አለችኝ። ተቀመጥኩ። "ይነሡ።" እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ትንፋሼን ስቤ፣ ብድግ አልኩ። ግድግዳም፣ ጣትም፣ ማቃሰትም የለ።

"ይድገሙት።"

ደገምኩት።

"ይሂዱ" አለች። "ግን እግርዎን ከዳሌ ይምቱ እንጂ ከጉልበት አይምቱ። ያን ብረት አዝለው ደግሞ ወደ ላይ አይውጡ፤ ደረጃም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን።"

በማግሥቱ በሚኒባስ ጣና አጠገብ ወዳለችው ይፋግ ወረድን። ወረድን ያልኩት ሚስቴም ስለመጣች ነው። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን ውሃ ስገባ አይታኝ አታውቅም፤ "ሲሰምጥ ከማይ ሰምጦ ቢነግሩኝ ይሻለኛል" ነበር የምትለው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አማቼ፣ ማለት ወንድሟ፣ ይፋግ ነው የሚኖረው፤ ጣና ላይ የእንጨት ጀልባ አለው፤ ውሃ ስገባ ወገቤ ላይ የማስረውን ገመድ ጀልባው ላይ ሆኖ የሚይዝልኝም እሱ ነው። ገመዱ ስልካችን ነው። አንዴ ከሳብኩ ደኅና ነኝ፤ ደጋግሜ ከሳብኩ አውጣኝ።

ጀልባው ከዳር ራቅ ብሎ ቆመ። ጫማዬን ሳጠልቅ አማቼ ዝም ቢል ምን አለበት?

"አያ፣ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ታስታውሳለህ?"

"አንተ ሳትወለድ አድርጌዋለሁ።"

"እኮ፣ ስለቆየ ነው የጠየቅኩህ።"

ገመዱን ሊይዝ ሲል ሚስቴ ከእጁ ወሰደችው። "እኔ ነኝ የምይዘው" አለች። እኔና ወንድሟ ተያየን። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስሕተት ነው፤ በልማድ ከጉልበቴ መታሁ። መርፌ ጠቅ አደረገኝ። "ከዳሌ፣ ከዳሌ" አልኩ በሆዴ። እግሬን እንደ በር አወዛወዝኩት። ጠቅ ያለው ተወኝ። ውሃው ቡናማ ነው፤ እየወረድኩ ስሄድ ጨለም አለ፤ ቀጥሎ ቀዘቀዘ፤ ከዚያም ለስላሳው ጭቃ ነካኝ። ስድስት ሜትር ነው። ታች ስደርስ ሁሌ የማደርጋት ነገር አለች፤ ተንበርክኬ የአየሩን መለኪያ ዓይኔ ሥር አስጠግቼ አነባለሁ። አነበብኩ፤ ጥሩ ነው። መለኪያውን ለቀቅኩት። ያኔ ነው በሁለቱም ጉልበቶቼ መንበርከኬን ያወቅኩት።

ሕመሙን ጠበቅኩት። አልመጣም። ውሃው ተሸክሞኛል። ትንፋሼ ይሄዳል ይመጣል፤ አረፋው ጆሮዬ አጠገብ ይንኮሻኮሻል። ወገቤ ላይ ገመዱ ተሳበ። እኔም ሳብኩ፤ ደኅና ነኝ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ተሳበ። ደኅና ነኝ። እንደገና። ወንድሟ አንድ ጊዜ ስጠልቅ አንዴ ቢጠይቀኝ ነው፤ እሷ ግን በየደቂቃው ታንኳኳለች። ዓለም ላይ ጸጥ ያለልኝ አንድ ቦታ ነበረኝ፤ እዚያም ደረሰችብኝ። የሚገርመው ደስ አለኝ። ሳይሳብ ሲቆይ እኔው ቀድሜ አንዴ እስብ ጀመር።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ወጣሁ። ድሮ ስወጣ ትርዒት ነበረኝ፤ ሲሊንደሬን እንዳዘልኩ መሰላሉን ወጥቼ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ፊት ተንጎራድጄ ነው የማወልቀው። ያን ቀንም ሁለት ታንኳ ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል። አንድ እግሬን መሰላሉ ላይ አደረግኩ። ጉልበቴ አላመመኝም፤ ግን እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አያ፣ አውልቀህ ስጠኝ" አለ አማቼ።

ታንኳዎቹን አየሁ። ማሰሪያውን ፈታሁና ሰጠሁት። እኔንም ወንድምና እህት በብብቴ ይዘው ጎተቱኝ፤ ጀልባው ወለል ላይ እንደ አምባዛ ዘጭ አልኩ። አጥማጆቹ አጨበጨቡ። ሚስቴ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች፤ ገመዱን ግን ገና አልለቀቀችም።

እዚያው ጀልባው ላይ ስልኳን አውጥታ ዳይሬክተሩ ጋ ደወለች። "ጎሚስታው ጋ ደህና ቸርኬ አለ፤ ይጠይቁት" ብላ ዘጋችው።

ከጠለቁ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ደጋ አይወጣም። ሰውነት ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ከጣና በጣም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ይፋግ አማቼ ቤት አደርን። እራት ላይ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ።

"ስንት ሜትር ወረድክ?" አለኝ አንዱ።

"አሥር" አልኩ፤ ቶሎ ብዬ ጎረስኩ።

አማቼ ቀና ብሎ አየኝ። አፉን ሳይከፍት ሚስቴ እሾህ እየለቀመች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሣ፣ "አሥራ ሁለት ነው" አለች። "ገመዱን የያዝኩት እኔ አይደለሁ?"