የእህቴ ሰርግ ሱፐር ቪሲዲ

የእህቴ ሰርግ የተቀረጸበትን ዲስክ ሶዶ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ሁሉ አይተው መልሰውልኛል። ሱፐር ቪሲዲ ነው። ያን ጊዜ ሰርጉን በቪዲዮ የቀረጸው ሰውዬ «ከተራው ቪሲዲ የጠራ ነው» ብሎ በዚያ ገልብጦ ሰጠን፤ ቤታችን የነበረው ማጫወቻ ሲበላሽ ግን ሌላ የሚያነበው ጠፋ። ጉኑኖ ድረስ ወስጄ ያሳየሁት ጠጋኝ ዲስኩን በጣቱ አንጠልጥሎ፣ «እህቴ፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል። ለጌጥ ስቀይው» አለኝ።

«አልሰቅለውም፤ አየዋለሁ» ብዬ ከእጁ ተቀበልኩት።

እልህ የያዘኝ በከንቱ አይደለም። አባታችን ዱቦ ውስጥ በተደረገው በዚያ ሰርግ ላይ ቆሞ ሙሽሮቹን መርቋል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ፎቶውማ አለን፤ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ግን እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ «ሰው ሞቶ ተቀብሯል፣ አንቺ ከፕላስቲክ ጋር ትታገያለሽ» አለኝ።

ላፕቶፔ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። አንዲት ባልደረባዬ ጓዳ የጣለችውን አሮጌ ዴስክቶፕ ለምኜ በባጃጅ ጭኜ አመጣሁ። ዲስኩን ስከተው ኮምፒውተሩ አጉረመረመና አላውቀውም አለ። እኔም እንደ ፎልደር ከፈትኩት። ውስጡ አንድ ትልቅ ፋይል አገኘሁ። ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል የተባለ ነጻ ማጫወቻ ከኢንተርኔት አውርጄ ፋይሉን ጎትቼ ከተትኩበት።

እህቴ በቬሎ ብቅ አለች፤ ግን ቀጥና፣ ረዝማ፣ እንደ ሸንበቆ። ሰው ሁሉ ከግራና ከቀኝ ተጨምቋል። የምስሉን የወርድና የቁመት ምጣኔ አራት ለሦስት ሳደርገው ሁሉም ወደ መልኩ ተመለሰ። ያኔ እናቴን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

አባቴ ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ፣ እጁን ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ። የሰማነው ግን መዝሙር ነው። የቀረጸው ሰውዬ የምርቃቱን ድምፅ አጥፍቶ መዝሙር ጭኖበታል።

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። «ይሄን ሁሉ ለፍቼ!»

«ዝጊው» አለች እናቴ።

ኮምፒውተሩን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ። «ምስሉን አይደለም። መዝሙሩን ነው። ከዚያ ከመጀመሪያው መልሺልኝ።»

ድምፁን አጥፍቼ መለስኩት። አባቴ እጁን ሲዘረጋ እናቴ ከንፈሩን እያየች ያኔ የመረቀውን በወላይትኛ ትለው ጀመር። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፤ ልጆቻችሁ ከእናንተ ይብለጡ። እሱ ሲያርፍ ታርፋለች፣ ሲቀጥል ትቀጥላለች። አንድ ቦታ ላይ አቋርጣ ሳቀች። «እዚህ ጋ የሙሽራው ስም ጠፍቶበት ነው» አለችኝ። እውነትም አባቴ ወደ ሙሽራው ዞሮ ይስቃል።

እንደገና አስደገምኳትና ድምጿን በስልኬ ቀዳሁ። ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ፣ መዝሙሩን አውጥቼ የእሷን ድምፅ አስገባሁበት።

ወንድሜ መጥቶ ሲሰማ፣ «ይሄ እኮ የአባባ ድምፅ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ። ቁጭ ብለህ ስማ» አልኩት።

ቁጭ አለ።