የእማሆይ በር

ባለፈው ጳጉሜን ሞጣ ገበያ መሃል ስጣደፍ ጦስኝ ሸተተኝ። አንዲት ሴትዮ እርጥቡን ጦስኝ በእቅፍ በእቅፍ አስራ መሬት ላይ ዘርግታለች። ሰው የሚገዛው ለሻይ ነው። እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ የሄደው ከቢቸና ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደ እማሆይ ወለተ ሐና ሳጥን ነው። ቆሜ ቀረሁ። አንድ ባለባጃጅ ክላክሱን ሲያንባርቅብኝ ነው የባነንኩት።

እማሆይ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሴት። ከአልጋቸው ሥር አንዲት የዋንዛ ሳጥን ነበረቻቸው። ውስጧ የገዛ መገነዣቸው ተጣጥፎ፣ ብል እንዳይበላው ደረቅ ጦስኝ ተነስንሶበት ይቀመጣል። ጥጡን በስንት ክረምት ፈትለው እንደጨረሱት እሳቸውም አያውቁትም፤ ዓይናቸው የደከመው በሱ ነው ትል ነበር እናቴ። ጳጉሜን ገብቶ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። እኛ ልጆች የሩፋኤልን ዝናብ ተጠምቀን ስንሯሯጥ ጠርተው አጠገቡ ያስቀምጡንና ስለ ምጽአት ይነግሩናል። ጌታ የሚመጣው እንደ ሌባ ነው፣ ቀጠሮ የለውም፣ ንቁ ይሉናል። ለኔ ያኔ የዓለም መጨረሻ ማለት ያ ነጭ ጨርቅ ነበር። እፈራዋለሁ፤ ሽታውን ግን እወድ ነበር።

ከአጥራቸው ማዶ አያ በላቸው የሚባል ቀልደኛና ጉልበተኛ ጎልማሳ ይኖር ነበር። አንድ በጋ አጥሩን ሲያድስ ወደ እማሆይ ጓሮ ገፋ አድርጎ አጠረው። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። እማሆይ ከዚያ ወዲያ ስሙን አልጠሩም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ በደጁ ላለማለፍ በታች በኩል ይዞራሉ። እሱ ደግሞ መች ይተዋቸዋል! የደብረ ዘይት ዕለት የምጽአቱን ስብከት ሰምተው ሲመለሱ ጠብቆ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ «እማሆይ፣ ጌታዎ ዛሬም ቀረ እንዴ?» ይላቸዋል። ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። የሚገርመው ከመንደሩ ሰው አንድም፣ ተዘጋጅቻለሁ እያሉ ከጎረቤት ተኳርፎ መኖር ምንድነው ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሳጥኗን ያየ ሁሉ ዝግጁ ናቸው ይል ነበር። እሳቸውም ራሳቸው እንደዚያ ያስቡ ነበር መሰለኝ።

ነሐሴ ላይ አያ በላቸው ሞተ። ማገዶ እየፈለጠ ነበር፤ ቀትር ላይ መጥረቢያውን እንደያዘ ተንበረከከ፣ በዚያው አልተነሳም። ቤቱ ውስጥ ለመገነዣ የሚሆን አንድ ክንድ ጨርቅ አልነበረም፤ በዚያ ዕድሜው ማን ያስበዋል? አቡጀዴ ሊገዙ ወደ ቢቸና የወጡት ሰዎች ወንዙ ሞልቶባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። በቃ፣ ባሮጌ ጋቢው ይገነዝ ተባለ። ሚስቱ እትዬ የሻረግ ያን ስትሰማ የጮኸችው ጩኸት እሱ ሲሞት ከጮኸችው የባሰ ነበር። ሁሉም የእማሆይን ሳጥን ያስባል፤ ግን በምን አፉ ይጠይቃቸው?

እኔና እናቴ እማሆይ ዘንድ ነበርን። ጩኸቱን ሲሰሙ ሳጥኗን ጎትተው አወጡ። እናቴ ደንግጣ፣ «እርስዎስ እማሆይ? ዓይንዎ እኮ ሌላ አይፈትልም» አለቻቸው። ጨርቁን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቁጭ አሉ፤ ጦስኙ ቀሚሳቸው ላይ ረገፈ። ከዚያ አለቀሱ። እማሆይ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ጌታን በሳጥን ስጠብቀው እሱ በአጥር በኩል መጣ» አሉ። «ሳልታረቀው ሞተብኝ።»

ዞረው አልሄዱም። የአጥሩን እሾህ በእጃቸው ነቃቅለው፣ እጃቸው እየደማ፣ በቀዳዳው ገቡ። ሬሳው ራስጌ ተንበርክከው ግንባሩን ሳሙት፤ «በላቸው ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉት። አያ በላቸው የተቀበረው በእማሆይ መገነዣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሳጥኗ ባዶ ሆነች። ጳጉሜን ሲመጣ የሚያሰጡት ስለሌላቸው በቀዳዳው ሾልከው ይወጡና የተኳረፈ ሲያስታርቁ ይውላሉ። እኛንም ስለ ምጽአት ሲያስተምሩን፣ መጀመሪያ ማንን እንዳኮረፍን ነበር የሚጠይቁን። እማሆይ ሲያርፉ መገነዣ ይዛ የመጣችው እትዬ የሻረግ ናት። ለማንም ሳትናገር ስትፈትልላቸው ኖራለች ለካ! ጦስኝም ነስንሳበት ነበር።

ከሞጣ አንድ እቅፍ ጦስኝ ገዝቼ በማግስቱ መንደራችን ገባሁ። የእሾህ አጥር ቀርቷል፤ ሁሉም በቆርቆሮ ሆኗል። በሁለቱ ጓሮዎች መሃል ያለውም ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ሰው የሚያሳልፍ ያህል ክፍት ተትቷል። የእትዬ የሻረግ የልጅ ልጅ ውሃ ተሸክማ በዚያ ስታልፍ አገኘኋትና፣ ይኼ ለምን አልተዘጋም ብዬ ጠየቅኋት። እማሆይን አታውቃቸውም፤ ያረፉት ሳትወለድ ነው።

«እሱማ የእማሆይ በር ነው፤ አይዘጋም» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።